ፕላስቲክ የሌለበት የዕፅዋት ቆዳ

የዕፅዋት ቆዳ የእንስሳ ቆዳን ተክቶ ለጫማ፣ ለቦርሳ፣ ለቀበቶና ለጃኬት እንዲውል ከቅጠል፣ ከቅርፊት፣ ከጎማ ዛፍ ወተት ወይም ከፍራፍሬ ተረፈ ምርት የሚሠራ ነገር ነው። ገበያ ላይ ብዙ ዓይነት አለ። ፕላስቲክ ጭራሽ የሌለበት ግን ጥቂት ነው። ሸማቹ ይህን ልዩነት ቢያውቅ ይጠቅመዋል፤ ብዙ ጊዜ አይነገረውምና።

የእንስሳ ቆዳ በአብዛኛው የሚለፋው በክሮም ጨው ነው። የፋብሪካው ፍሳሽ በደንብ ካልተጣራ ወንዝ ይበክላል። የቆዳ ፋብሪካዎች ባሉባት በሞጆ አካባቢ ለሚኖር ሰው ይህ አዲስ ወሬ አይደለም። አርቴፊሻል ሌዘር የምንለው ደግሞ ጨርቅ ላይ የተለበጠ ፕላስቲክ ነው፤ ፒቪሲ ወይም ፖሊዩሬቴን። ጥቂት ከተለበሰ በኋላ መላጥ ይጀምራል። ሲጣልም አይበሰብስም፤ እየተሰባበረ ደቃቅ ፕላስቲክ ሆኖ አፈርና ውሃ ውስጥ ይቀራል።

ከሁለቱ መሃል መንገድ ፍለጋ ከወጡት መካከል ስፔናዊቷ ካርመን ሂዮሳ ትጠቀሳለች። ለቆዳ ሥራ ምክር ልትሰጥ ፊሊፒንስ ሄዳ፣ ማሳ ላይ ከሚጣለው የአናናስ ቅጠል ቃጫ ፒኛቴክስ የተባለውን የዕፅዋት ቆዳ ፈጠረች። ሜክሲኮ ውስጥም እ.ኤ.አ. በ2019 ከቁልቋል በለስ ቅጠል የሚሠራው ዴሰርቶ ለገበያ ቀረበ። ሐሳቡ ግሩም ነው። ችግሩ ያለው ማያያዣውና ቅቡ ላይ ነው። ውሃ እንዳያሳልፍና እንዲጠነክር ፖሊዩሬቴን ይገባበታል። ጀርመን ፍራይበርግ የሚገኝ የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2021 ከአናናስ፣ ከአፕልና ከቁልቋል በለስ የተሠሩትን ጨምሮ የተለያዩ የቆዳ ምትኮችን ሲመረምር ከብዙዎቹ ውስጥ ፕላስቲክ አግኝቷል።

ከፕላስቲክ ነፃ የሆነውን ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ኡጋንዳ ውስጥ ባጋንዳ የሚባሉት ሕዝቦች ሙቱባ ከሚባል ዛፍ ቅርፊት ጨርቅ ይሠራሉ። ዛፉ የሾላና የዋርካ ዘመድ ነው። በዝናብ ወቅት ቅርፊቱ ይገፈፋል፤ ከዚያ ስንጥቅጥቅ ገጽ ባላቸው የእንጨት መዶሻዎች ተደጋግሞ ይቀጠቀጣል። እየሳሳ፣ እየሰፋ፣ እየለሰለሰ ሄዶ የሸክላ ቀለም ይይዛል። የተገፈፈው ግንድ እስኪያገግም በሙዝ ቅጠል ይጠቀለላል፤ ዛፉ አይቆረጥም። ዩኔስኮ ይህን ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2005 የሰው ልጅ ቅርስ ብሎታል።

ፖርቱጋል ውስጥ ደግሞ ቡሽ አለ። የቡሽ ዛፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚላጠው 25 ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው፤ ከዚያ በየ9 ዓመቱ። ሠራተኞች በመጥረቢያ ቅርፊቱን ብቻ ለይተው ያነሳሉ። የተላጠው ግንድ ቀልቶ ይቀራል። ላዩ ላይም የተላጠበት ዓመት የመጨረሻ አኃዝ በቀለም ይጻፍበታል፤ ቀጣዩ ተራ መቼ እንደሚደርስ የሚታወቀው በዚያ ነው። ቡሹ በስሱ ተሸልቶ ጨርቅ ላይ ሲለጠፍ ቀላልና ውሃ የማይፈራ ቦርሳ ይወጣዋል። ሲገዙ ግን የጀርባውን ጨርቅ ማየት ነው። ጥጥ ከሆነ ጥሩ፤ ፖሊስተር ከሆነ ፕላስቲኩ በጓሮ በር ገባ ማለት ነው።

በፋብሪካ ደረጃ ብዙ የተባለለት ሚረም የሚባለው የዕፅዋት ቆዳ ነው። የሠራው አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ፒዮሪያ ከተማ የተቋቋመው ናቹራል ፋይበር ዌልዲንግ ነው። መሠረቱ የተፈጥሮ ጎማ ነው፤ የአትክልት ዘይት፣ የቡሽ ዱቄት፣ የኮኮናት ቃጫና የማዕድን ቀለም ይጨመርበታል። ጎማ ብዙውን ጊዜ የሚጠነክረው በድኝ ነው። እዚህ ግን ማጠንከሪያውም ከዕፅዋት ይመጣል፤ ፖሊዩሬቴን አይነካውም። ለእኔ ትልቁ እርምጃ ይሄ ነው፤ ሌሎቹ የወደቁት እዚችው ማያያዣ ላይ ነውና። ጫማ አምራቹ ኦልበርድስ እ.ኤ.አ. በ2021 ገንዘብ አውጥቶበታል።

እኛ ዘንድ እንሰት አለ። በጉራጌም በሲዳማም ሴቶች ግንዱን ዘንበል ባለ ሳንቃ ላይ አድርገው በቀርከሃ ሲፍቁት ቆጮ የሚሆነው ይወርዳል፤ እጃቸው ላይ ነጭ ረጅም ቃጫ ይቀራል። ቃጫው እስካሁን ገመድና ጆንያ ሲሆን ኖሯል። ጥንካሬው አባካ የሚባለውን የፊሊፒንስ ቃጫ የሚስተካከል ነው። ጉራፈርዳ ውስጥ የጎማ ዛፍ ተክል አለ። ቃጫውንና ጎማውን አንድ ላይ የሚሞክር ቆዳ ፋብሪካ ወይም ዩኒቨርሲቲ ብናይ ደስ ይለኛል።