የኩባንያዎች የአየር ንብረት ሎቢ እና ግልጽነቱ

ኩባንያዎች የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀታቸውን ምን ያህል እንደቀነሱ በየዓመቱ ያስነብባሉ፤ ሕግ አውጪዎች ዘንድ ሄደው ስለ ካርቦን ታክስ (በልቀት ላይ ስለሚጣል ግብር) ምን እንዳሉ ግን እምብዛም አይናገሩም። ሕግ አውጪዎችን የማግባባቱ ሥራ ሎቢ ይባላል፤ የአየር ንብረት ሎቢ ግልጽነት የሚባለውም ይህንን ይፋ ማውጣት ነው፦ የትኛውን ሕግ ደገፉ፣ የትኛውን ተቃወሙ፣ በማን በኩል፣ በስንት ገንዘብ።

ቁልፉ «በማን በኩል» የሚለው ነው። ስም የሚያጎድፍ ክርክር ሲኖር ኩባንያው ራሱ ዝም ይልና መዋጮ የሚከፍልበት የንግድ ማኅበር ይናገርለታል። እ.ኤ.አ. በ1989 አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ግሎባል ክላይሜት ኮአሊሽን የነዳጅ፣ የመኪናና የድንጋይ ከሰል ኩባንያዎች አንደበት ሆኖ አገሮች ልቀት እንዲቀንሱ የሚጠይቀውን የኪዮቶን ስምምነት አጥብቆ ተቃውሟል። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ ቢፒ፣ ሼልና ፎርድ ጥለውት ወጡ፤ በ2002 ከስሟል።

ሕጉ እዚህ ድረስ አይዘልቅም። በ1995 የወጣው የአሜሪካ ሕግ ሎቢስቶች እንዲመዘገቡ፣ የሠሩበትን ጉዳይና የገንዘቡን መጠን እንዲያሳውቁ ያስገድዳል። ለመደገፍ ይሁን ለመቃወም ግን አይጠይቅም። ወጪው ይታወቃል፣ አቋሙ ይሰወራል።

ክፍተቱን ለመድፈን የተነሱት በዋነኝነት ባለአክሲዮኖች፣ በተለይም የጡረታ ፈንዶች ናቸው። ገንዘባቸው በመላው ኢኮኖሚ የተበተነ ስለሆነ አንድ ኩባንያ የአየር ንብረት ሕግ አዳክሞ ቢያተርፍ ኪሳራው በሌላ በኩል ይመጣባቸዋል። በግፊታቸው የማዕድን ኩባንያው ቢኤችፒ በ2017 አባል የሆነባቸውን የንግድ ማኅበራት አቋም ከራሱ ጋር አነጻጽሮ አሳተመ። ሼል በ2019 አሥራ ዘጠኝ ማኅበራትን መርምሮ ከአንዱ፣ ከአሜሪካ የነዳጅና ፔትሮኬሚካል አምራቾች ማኅበር፣ ወጣ። በ2020 የነዳጅ ኩባንያው የሼቭሮን ባለአክሲዮኖች የቦርዱን ምክር ወደ ጎን ብለው ሎቢው የዓለም ሙቀት መጨመርን ለመግታት ከተፈረመው የፓሪስ ስምምነት ጋር መጣጣሙ እንዲገለጽ በ53 በመቶ ድምፅ ጠየቁ። በ2022 ደግሞ ባለሀብቶች ለኩባንያዎች የአየር ንብረት ሎቢ 14 መመዘኛዎች ያሉት ዓለም አቀፍ መስፈርት አወጡ። መቀመጫው ለንደን የሆነው የጥናት ድርጅት ኢንፍሉዌንስማፕም ከ2015 ጀምሮ ኩባንያዎችን በአየር ንብረት ሎቢያቸው በፊደል ውጤት ይመዝናል።

ኩባንያዎቹ የሚያሳትሙት ግምገማ ግን ፈታኙም ተፈታኙም አንድ የሆነበት ፈተና ነው። «በከፊል ይጣጣማል» የሚለው ፍርድ ይበዛበታል፤ ከማኅበር መውጣትም ብርቅ ነው። የአካባቢ ተቆርቋሪው ድርጅት ግሪንፒስ በድብቅ ቀርጾ በሰኔ 2021 ይፋ ባደረገው ቪዲዮ የነዳጅ ኩባንያው የኤክሶንሞቢል ሎቢስት ኩባንያው ካርቦን ታክስን የሚደግፈው ታክሱ እንደማይጸድቅ ስለሚያውቅ መሆኑን ተናገረ። የኩባንያው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ይቅርታ ጠይቀው ንግግሩ የድርጅቱን አቋም እንደማይወክል አስታወቁ።