የጥገና ኃላፊነት ምንድን ነው? ግድግዳው ሲሻግት ማን ይክፈል?

ተከራይ «ቤቱ ነው» ይላል። አከራይ ደግሞ «መስኮት ስለማትከፍቱ ነው»። ክርክሩ ወር ይፈጃል፣ ሻጋታው ግን እየሰፋ ነው።

የጥገና ኃላፊነት ማለት ቤቱ ለመኖሪያ ብቁ ሆኖ እንዲቆይ ከሁለቱ ማን ምኑን መሥራትና መክፈል እንዳለበት የሚለይ ግዴታ ነው። ዝርዝሩ እንደ አገሩ ሕግና እንደ ውሉ ይለያያል። በብዙ ቦታ ግን ጣሪያው፣ ግድግዳው፣ ቧንቧውና የፍሳሽ መስመሩ የአከራይ ነው። ተከራይ ቤቱን በንጽሕና ይይዛል፣ ራሱ የሰበረውን ይሠራል፣ ብልሽት ሲያይ ደግሞ ቶሎ ይናገራል።

ሻጋታ ያለ እርጥበት አያድግም፤ ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደመጣ ይታወቅ። ጣሪያ ካፈሰሰ፣ ቧንቧ ከተሰነጠቀ ወይም እርጥበቱ ከመሠረቱ ወደ ላይ እየሳበ ከሆነ ነገሩ ግልጽ ነው፣ የአከራይ ነው። ጭቅጭቅ የሚያመጣው ከቤት ውስጥ የሚነሳው እንፋሎት ነው። የምግብ፣ የሻወር፣ ቤት ውስጥ የተሰጣ ልብስ እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ሲነካ ውሃ ይሆናል፣ በተለይ አየር በማይደርስበት ከቁምሳጥን ጀርባና ጥግ ጥጉ ላይ። ይሄ በአብዛኛው የተከራይ አያያዝ ነው ይባላል። እኔ ግን ሁልጊዜ አልስማማም። መስኮቱ የማይከፈት ከሆነ ወይም መታጠቢያ ቤቱ ጭራሽ አየር ማስወጫ ከሌለው «አናፍሱት» ማለት ምን ዋጋ አለው?

ለመለየት የምትጠራጠሩበት ግድግዳ ላይ ፕላስቲክ ወይም ፎይል ዙሪያውን በፕላስተር ለጥፋችሁ አንድ ሁለት ቀን ተዉት። በፊት ለፊቱ ውሃ ካቆረ እርጥበቱ የክፍሉ አየር ነው፣ ከጀርባው ካቆረ ግን ከግድግዳው ነው። ፍጹም ማስረጃ ባይሆንም ወሬውን ያሳጥራል። የአየር እርጥበት መለኪያ ካላችሁ ደግሞ ከ60 በመቶ በታች እንዲሆን ሞክሩ።

ተከራዮች፣ ሻጋታውን ልክ እንዳያችሁት ለአከራዩ በጽሑፍ አሳውቁ፤ የስልክ መልእክትም ይሁን፣ ቀኑ የሚታይ ፎቶ ጨምሩበት። ዝም ብላችሁ ቆይታችሁ ጉዳቱ ከባሰ ጣቱ ወደ እናንተ ይዞራል። የራሰ ነገር ከ24 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ሊጀምር ይችላል። አከራዮችም እወቁት፣ ላዩን ቀለም መቀባት ጥገና አይደለም፣ ውሃው ካልቆመ ተመልሶ ይመጣል። ስታጸዱ በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር አትቀላቅሉ፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል።

እስኪጠገን ኪራይ አልከፍልም ማለት ያጓጓል፣ ይገባኛል። ግን በብዙ ቦታ ሥርዓቱን ሳይከተሉ ኪራይ ማቆም ራሱ ከቤት ያስወጣል፣ ስለዚህ ከዚያ በፊት የአካባቢያችሁን ሕግ የሚያውቅ ሰው ጠይቁ።