የሐዋሳ ሐይቅ፦ አሳው፣ መዝናኛውና ዳርቻው

የሐዋሳ ሐይቅ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ በስምጥ ሸለቆ ውስጥ ይገኛል። ስፋቱ 90 ካሬ ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። ጥልቀቱ በጣም ጠለቀ ቢባል ከ20 ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው። ከነአባያ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው፤ ከተማዋ ግን ጥግ ድረስ መጥታ ተጣብቃዋለች። የጥቁር ውሃ ወንዝ ይገባበታል፤ የሚወጣ ወንዝ የለውም። እንዲያም ሆኖ ውሃው ጨዋማ አልሆነም፤ ከመሬት በታች እየሰረገ እንደሚወጣ ይታመናል።

የአሳ ገበያውን የያዘው ቆሮሶ የሚባለው አሳ ነው። አምባዛና ቢልጫ የሚባሉ አሳዎችም አሉ። ለቆሮሶ መረብ ማታ ይጣላል፣ ንጋት ላይ ይነሳል። አምባዛ ደግሞ ረጅም ገመድ ላይ በተደረደሩ መንጠቆዎች ይያዛል። ይህን ማየት የፈለገ በጠዋት ወደ ሐይቁ ዳር የአሳ ገበያ፣ አሞራ ገደል ይሂድ። ጀልባዎቹ ዳር ሲደርሱ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ቀድመው ተሰልፈዋል። አሳው እዚያው ይበለታል፤ ሥጋው ለጥብስ፣ ጭንቅላቱና አጥንቱ ለሾርባ ይለያል። ትርፍራፊው ለአባ ኮዳ ነው። ትኩስ የአሳ ሾርባ በዳጣ እዚያው ቆሞ መጠጣት ይቻላል፤ እኔ ሐዋሳ ሄዶ ይህን ሳይቀምስ የሚመለስ ሰው ያሳዝነኛል።

አመሻሽ ላይ ሰው ፍቅር ሐይቅ ወደሚባለው የሐይቁ ዳርቻ ይወርዳል። ቡና ይጠጣል፣ በእግሩ ወክ ያደርጋል። ጉማሬ ለማየት ጀልባ መከራየት ይቻላል። ሐይቁን ከላይ ማየት የሚሻ ታቦር ተራራን ይወጣል። መዋኘቱ ግን ይቅር፤ ሐይቁ ውስጥ ቢልሃርዚያ አለ።

ስለ ዳርቻው ትንሽ ላብራራ። ቆሮሶ እንቁላሉን በትኖ አይሄድም። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ቦታ መሬቱን ጭሮ ጎድጓዳ ጎጆ ያዘጋጃል። ሴቷ እዚያ ትጥልና እንቁላሉን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች። ጫጩቶቹ መዋኘት ከጀመሩ በኋላም አደጋ ሲያዩ ተመልሰው አፏ ውስጥ ይገባሉ። ይህ ሁሉ የሚሆነው ሳርና ፊላ ባለበት ዳርቻ ነው። ሪዞርቱም ካፌውም የሚፈልገው ያንኑ ዳርቻ ነው። ፊላው ተጨፍጭፎ ድንጋይ ሲነጠፍ ለእይታ ያምራል፤ የአሳው መራቢያ ግን ጠበበ ማለት ነው። በዚህ ላይ ዓይነ ጠባብ መረብ ገና ያልወለደውን አሳ ጠርጎ ያወጣል። የአሳ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ከወጣ ቆይቷል፤ ቁጥሩ 315/1995 ነው። የጎደለው በየቀኑ ውሃው ላይ የሚከታተል ነው።

ስለሚበላው አሳም አንድ ነገር መታወቅ አለበት። ሌሎች አሳዎችን በሚበላው በትልቁ ቢልጫ ሥጋ ውስጥ ሜርኩሪ የሚባለው መርዛማ ብረት በርከት ብሎ ተገኝቷል። ቆሮሶ ምግቡ በአብዛኛው አልጌ ስለሆነ በዚህ በኩል ያን ያህል አያሰጋም። ነፍሰ ጡርና ትንንሽ ልጆች ካሉ ከትልቅ ቢልጫ ይልቅ ቆሮሶ ይመረጣል።