ኤድዋር ኤሪዮ፦ የሊዮኑ ከንቲባ የወጣትነት ዘመንና የሥራ ጅማሬ

ኤድዋር ኤሪዮ ጁላይ 5 ቀን 1872 በፈረንሳይዋ ትሯ ከተማ ተወለዱ (ዘመናቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባታቸው ከተራ ወታደርነት ተነሥተው ለመኮንንነት የበቁ ሰው ነበሩ። ኤሪዮ በላ ሮሽ ሱር ዮን ሲማሩ አንድ የትምህርት ተቆጣጣሪ ችሎታቸውን ተመልክተው በፓሪሱ ሴንት ባርብ ትምህርት ቤት የነፃ ትምህርት ዕድል አስገኙላቸው፤ በ1891ም አገሪቱ ምርጥ መምህራኖቿን ወደምታፈራበት ኤኮል ኖርማል ሱፔሪየር ገቡ። ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ በናንት አስተማሩ።

በ1896 የሥነ ጽሑፍ መምህር ሆነው ወደ ሊዮን የሄዱት ኤሪዮ ከከተማዋ ፖለቲካ ጋር የተዋወቁት በድሬይፉስ ጉዳይ ምክንያት ነው። በሐሰት በአገር ክህደት የተፈረደበት መኮንን ነፃ እንዲወጣ ከተሟገቱት ወገን ተሰልፈው፣ የሰብአዊ መብቶች ሊግ የሊዮን ቅርንጫፍ ሲቋቋም ከመሥራቾቹ አንዱ ሆኑ። በ1904 የከተማው ምክር ቤት አባል ሆነው ተመረጡ፤ የታዋቂ ሰዎች መሰብሰቢያ በነበረው ቤቷ በምትታወቀው በሊዮኗ ተወላጅ በማዳም ሬካሚዬ ሕይወት ላይ የጻፉትን የዶክትሬት ጥናትም ያቀረቡት በዚያው ዓመት ነው፤ ፖለቲካው ከመጽሐፋቸው አላራቃቸውም ማለት ነው።

በፈረንሳይ ከንቲባን የሚመርጠው ነዋሪው በቀጥታ ሳይሆን ምክር ቤቱ ነው። ከንቲባው ሐኪም ቪክቶር ኦጋኘር በ1905 የማዳጋስካር ጠቅላይ ገዥ ሆነው ሲሾሙ፣ ምክር ቤቱ ገና የሠላሳ ሦስት ዓመት ሰው የነበሩትን መምህር በቦታቸው ተካ።

የኤሪዮ የከንቲባነት አሻራ ጎልቶ የሚታየው ከሊዮኑ ተወላጅ አርክቴክት ከቶኒ ጋርኒዬ ጋር ባከናወኗቸው ግንባታዎች ነው። ጋርኒዬን ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ሥራ መጀመሪያ ያስገቧቸው ኦጋኘር ናቸው የሚሉ አሉ፤ ታላላቆቹን ሥራዎች በአደራ የሰጧቸው ግን ያለ ጥርጥር ኤሪዮ ናቸው። ለከብት ገበያና ለቄራ ታስቦ በላ ሙሽ ሠፈር የተሠራው አዳራሽ 210 ሜትር ርዝመትና 80 ሜትር ስፋት ያለው ሲሆን፣ ጣሪያውን በብረት ቅስቶች ተሸክሞ መካከሉ ላይ አንድም ምሰሶ አልቆመበትም። በ1914 የከተሞችን አኗኗርና ንጽሕና የሚመለከት ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የተስተናገደበት ይኸው ሕንፃ፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲፈነዳ ለጦር መሣሪያ ሥራ ዋለ፤ ዛሬ ደግሞ የሙዚቃ ዝግጅት ይቀርብበታል። የዤርላን ስታዲየምና የግራንዥ ብላንሽ ሆስፒታል ሥራም የተጀመረው ከጦርነቱ በፊት ነው፤ ሆስፒታሉ ግን እስከ 1933 አልተመረቀም። አሁን የሚጠራው በኤሪዮ ስም ነው።

በ1912 የሮን አውራጃ ሴናተር ሆኑ። በጦርነቱ የመጀመሪያ ክረምት አካላቸው የጎደለ ወታደሮች ሙያ የሚማሩበትን የዦፍር ትምህርት ቤት አቋቋሙ፤ በ1916 ደግሞ ከጀርመኑ የላይፕሲግ ገበያ ጋር የሚፎካከር የሊዮን የንግድ ትርዒት አስጀመሩ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚኒስትርነት ሹመት አገኙ፤ በኋላም ሦስት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከጀርመን ጋር የተባበረው የፈረንሳይ የቪሺ መንግሥት ሽሯቸው ከቆዩበት ከ1940 እስከ 1945 ካለው ጊዜ በስተቀር፣ በ1957 እስከ ሞቱ ድረስ የሊዮን ከንቲባ ነበሩ።