በባንክ ስም የሚላኩ አታላይ ኢሜይሎች

ፊሺንግ የሚባለው ማጭበርበር የባንኩን ሥርዓት አይሰብርም፤ ደንበኛው የይለፍ ቃሉንና የማረጋገጫ ኮዱን በገዛ እጁ እንዲሰጥ ያደርገዋል። ኢሜይል የሚላክበት ኤስኤምቲፒ የተባለው ደንብ በ1982 እ.ኤ.አ. ሲወጣ የላኪን ማንነት ማጣሪያ አልነበረውም። ኋላ የመጡት የላኪ ማረጋገጫ ዘዴዎች፣ ማለትም ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ፣ በባንኩ እውነተኛ አድራሻ አስመስሎ መላክን ለመግታት ይረዳሉ። አጭበርባሪው የራሱን ተመሳሳይ አድራሻ ካስመዘገበ ግን ሦስቱንም ያልፋል።

ስለዚህ የላኪ ስም ማስረጃ አይሆንም። በስልክ ላይ ብዙ ጊዜ የሚታየው ስሙ ብቻ ስለሆነ፣ ስሙን ነክቶ ሙሉ አድራሻውን ማየት ያስፈልጋል። ሊንክ ደግሞ ሳይከፈት ይመረመራል፦ በኮምፒውተር ቀስቱን ላዩ ላይ በማሳረፍ፣ በስልክ ጣትን ተጭኖ በማቆየት። ዋናው ቁም ነገር አነባበቡ ነው። ከመጀመሪያው ነጠላ እዝባር (/) በፊት ያለው ክፍል ከመጨረሻው ወደ ኋላ ይነበባል። «ባንካችን.ኮም.ማረጋገጫ.ኔት» የሚል አድራሻ ባለቤቱ «ማረጋገጫ.ኔት» ነው፤ ፊት ለፊት ያለው የባንክ ስም ማንም ሊጨምረው የሚችል ጌጥ ነው። አንዳንድ የአገር ማብቂያዎች፣ እንደ «ኮም.ኢቲ» ያሉት፣ ባለሁለት ክፍል ስለሆኑ፣ በእነሱ ጊዜ ሦስተኛውንም ቃል ማየት ይገባል። የላቲኑ ኤል በቁጥር 1 ሊተካ፣ አር እና ኤን ተጠጋግተው ኤም ሊመስሉ ይችላሉ።

በአንዳንድ ማሰሻዎች ከድረ ገጹ አድራሻ ጎን የሚታየው የቁልፍ ምልክት ግንኙነቱ መመስጠሩን እንጂ የገጹን ባለቤት ታማኝነት አይናገርም። የሰዋስው ስህተት መፈለግም ዛሬ አያስተማምንም፤ እንከን የለሽ ደብዳቤ ማዘጋጀት ቀላል ሆኗል። ይልቅ ጥያቄውን መመርመር ይሻላል፦ «በ24 ሰዓት ውስጥ ካላረጋገጡ ሂሳብዎ ይዘጋል» የሚል ጥድፊያ፣ ያልተጠበቀ አባሪ ፋይል፣ የኪውአር ኮድ። የይለፍ ቃል ማስቀመጫ ፕሮግራም እንደ ወትሮው አልሞላም ካለ በቁም ነገር ሊወሰድ ይገባል፤ አድራሻው ሌላ መሆኑን አውቆ ሊሆን ይችላል።

ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫም ሁልጊዜ አያድንም። ሐሰተኛው ገጽ የተጻፈውን የይለፍ ቃል ወዲያው ለእውነተኛው ባንክ ያስተላልፋል፤ ባንኩ ኮድ ይልካል፤ ገጹም ኮዱን ይጠይቃል። ኮዱ የሚያገለግልባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ለሌባው ይበቃሉ።

ጥርጣሬ ሲኖር በመልእክቱ ውስጥ ያለውን ሊንክም ሆነ ስልክ ቁጥር ትቶ፣ የባንኩን መተግበሪያ መክፈት ወይም በካርዱ ጀርባ ባለው ቁጥር መደወል ነው። መረጃው ከተሰጠ በኋላ ቅድሚያ የሚሰጠው ባንኩን ደውሎ ካርዱንና ሂሳቡን ማሳገድ ነው። ቀጥሎ የይለፍ ቃሉ ይቀየራል፤ አባሪ ፋይል ተከፍቶ ከነበረ ከሌላ ንጹሕ መሣሪያ። ያው ቃል ለኢሜይሉም የሚያገለግል ከሆነ እሱም ይቀየር፤ ገቢ መልእክቶችን ወደ ሌላ አድራሻ የሚያስተላልፍ፣ ባለቤቱ ያላዘዘው ቅንብር ተጨምሮ እንደሆነም ይታይ። ኢሜይሉን ማጥፋት አይገባም፤ ባንኩ ምንጩን የሚከታተለው ከነሙሉ የጉዞ መረጃው (ሄደር) ሲደርሰው ነው።