የተመዘገበ ታሪፍ የማን ጋሻ ነበር?

በአሜሪካ በ1934 የወጣው የኮሙዩኒኬሽን ሕግ ክፍል 203 የስልክ ኩባንያዎች፣ ዓለም አቀፍ ጥሪ የሚሸጡትንም ጨምሮ፣ ዋጋቸውንና የአገልግሎት ሁኔታቸውን ዘርዝረው የዘርፉ ተቆጣጣሪ ለሆነው ለፌዴራል ኮሙዩኒኬሽን ኮሚሽን እንዲያስገቡ ያዝዛል፤ ይህ ዝርዝር ታሪፍ ይባላል (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ይህ ግዴታ እንዴት እየቀለለ እንደሄደ ሲነገር ግን ብዙ ነገር ይዛባል።

«ዋጋውን የሚወስነው ኮሚሽኑ ነበር»

ዋጋውን የሚያወጣው ኩባንያው ራሱ ነበር። ኮሚሽኑ ካላገደው፣ አስቀድሞ የማሳወቂያው ጊዜ ሲያልቅ ታሪፉ ይጸና ነበር።

«ታሪፍ ደንበኛውን ይጠብቅ ነበር»

የሕጉ ሐሳብ ይኸው ነበር፤ ሁሉም እኩል እንዲከፍል። በተግባር ግን የተመዘገበው ታሪፍ እንደ ሕግ ይቆጠር ስለነበር፣ የሽያጭ ሠራተኛው በቃልም ሆነ በጽሑፍ ሌላ ነገር ቢገባልህ የሚጸናው መዝገቡ ላይ ያለው ነው። ታሪፉን አንብበኸው አታውቅም? እንዳነበብከው ይቆጠራል! በ1998 አገልግሎት በጅምላ ገዝቶ የሚቸረችር አንድ ድርጅት፣ ትልቁ የስልክ ኩባንያ ኤቲ ኤንድ ቲ የገባልኝን ቃል አልጠበቀም ብሎ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ተሟግቶ ነበር። ቃሉ በታሪፉ ውስጥ ስላልነበረ ተረታ። በእኔ ዕይታ ጋሻው ከደንበኛው ይልቅ ለኩባንያው ነበር።

ሌላም ጣጣ ነበረው። ዋጋ ሊቀንስ ያሰበ ኩባንያ አስቀድሞ ማሳወቅ ስላለበት፣ ተፎካካሪው ቅናሹ ገበያ ላይ ሳይውል ያውቀዋል። እንዲህ ሲሆን ለመቀነስ የሚቸኩል አይኖርም።

«ኮሚሽኑ ቢፈልግ ኖሮ ቀደም ብሎ ያስቀረው ነበር»

ኮሚሽኑ የገበያ የበላይነት ለሌላቸው ኩባንያዎች ታሪፍ ማስገባቱን በፈቃደኝነት ሊያደርገው ሞክሮ ነበር። በ1994 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከለከለው። ሕጉ ኮሚሽኑ ግዴታውን «ማሻሻል» እንደሚችል ይላል፤ ማሻሻል ደግሞ መጠነኛ ለውጥ እንጂ ከሥሩ መንቀል አይደለም ተባለ። ዳኞቹ የቃሉን ፍቺ ፍለጋ መዝገበ ቃላት እስከ መፈተሽ ደርሰው ነበር። መንገዱን የከፈተው የ1996ቱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ነው፤ ለሕዝብ ጥቅም ካላስፈለገ ኮሚሽኑ አንድን ግዴታ ከማስፈጸም እንዲቆጠብ ፈቀደ።

«ማቅለል ማለት በአንድ ጊዜ መሰረዝ ነው»

ለዓለም አቀፍ አገልግሎት ለውጡ ደረጃ በደረጃ ነው የመጣው። የበላይነት የሌላቸው ኩባንያዎች ታሪፋቸውን ከ14 ቀን በፊት ያሳውቁ ነበር። በ1996 ይህ ወደ 1 ቀን ወረደ። ለእነዚህ ኩባንያዎች ማስገባቱ እንዲቀር የተወሰነው በ2001 ሲሆን፣ የመሸጋገሪያው ጊዜ ያበቃው ጃንዋሪ 28 ቀን 2002 ነው።

«ታሪፍ ከቀረ ወዲህ ኩባንያው እንዳሻው ያስከፍላል»

ዋጋ ምክንያታዊና ከአድልዎ የጸዳ ይሁን የሚሉት ክፍል 201 እና 202 አልተነኩም፤ በክፍል 208 አቤቱታ ማቅረብም ይቻላል። ኩባንያው ዋጋውን ለሕዝብ ክፍት ማድረግ፣ ድረ ገጽ ካለውም እዚያ ማውጣት ነበረበት። ከዚህ ሌላ ደንበኛው እንደ ማንኛውም ተዋዋይ በውሉ መሟገት ይችላል፤ በታሪፍ ዘመን ያጣው ይህንኑ ነበር።

«የውጭ ጥሪ የተወደደው በታሪፍ ወረቀቱ ምክንያት ነበር»

ትልቁ ወጪ ሌላ ቦታ ነበር፦ የአሜሪካው ኩባንያ ጥሪው ለሚያርፍበት አገር ኩባንያ በየደቂቃው የሚከፍለው ሒሳብ። ኮሚሽኑ በ1997 ለዚህ ክፍያ ጣሪያ ሲያበጅ እንደየአገሩ የገቢ ደረጃ 15፣ 19 እና 23 የአሜሪካ ሳንቲም አደረገው። ከፍተኛው ጣሪያ የተቀመጠው ለድሆቹ አገሮች ነው።