ፍሬ የያዘ ሩዝ ጎንበስ ይላል፤ የተባለው ግን ለማን ነው?

«እንደ ፓላይ ሁን እንጂ፤ ጎንበስ በል!»

ይህን ያለው ከጎናችን ካለው ገበታ የተቀመጠ፣ ወርቃማ ሰዓት ያሰረ ጎልማሳ ነው። ያለውም ለአስተናጋጁ ነው። ፓላይ በፊሊፒንሱ የታጋሎግ ቋንቋ ማሳ ላይ ያለ ሩዝ ነው፤ ፍሬ በያዘ መጠን ያጎነብሳልና እሱን ምሰል የሚል አባባል አላቸው። የልጁ ጥፋት፣ ጥፋት ከተባለ፣ የዘገየውን ፓኤያ፣ የስፔኖቹን የሩዝ ምግብ፣ ይዞ ሲመጣ አንገቱን ሳይሰብር «ፓኤያ ሲታዘዝ ነው የሚጣደው ጌታዬ፤ ግማሽ ሰዓት እንደሚፈጅ አስቀድሜ ነግሬዎት ነበር» ብሎ መመለሱ ነው። በንግግሩ መሐል «ፖ» የምትለዋን የታጋሎግ የአክብሮት ቃል ሁለት ጊዜ አስገብቷል፤ በእኛ አንቱ ብሎታል ማለት ነው። ሰውዬው ግን ምሳሌውን እንደ አለንጋ አወረደበት፤ አብረውት የተቀመጡትም ሳቁ።

እኔ ምግቡ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ። አባባሉን እወደዋለሁና። ሁለት ዓመት ፊሊፒንስ፣ ሎስ ባኞስ ከተማ ተቀምጬ ስለ ሩዝ ስማር ከገበሬም፣ ከአሮጊትም፣ ከመምህርም አፍ ሰምቼዋለሁ። ቃሉን ሳላውቀው በፊት ደግሞ ነገሩን ፎገራ ላይ በዓይኔ እያየሁ አድጌአለሁ። ያለ ቦታው ሲውል ዝም ብዬ ማለፍ አልሆነልኝም።

ቦታው በፊሊፒንስ፣ ከማኒላ የባሕር ወሽመጥ ማዶ በባታን ባሕረ ገብ መሬት፣ ባጋክ በምትባል ከተማ ያለው ላስ ካሳስ ፊሊፒናስ ደ አኩዛር ነው። ባለሀብቱ ሆሴ አኩዛር ስፔን አገሩን በገዛችበት ዘመን የተሠሩ አሮጌ ቤቶችን ከየቦታው እየገዛ፣ ሳንቃ በሳንቃ እያስፈታ፣ እዚህ የባሕር ዳር አምጥቶ እንደገና አስተከላቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2010 ለእንግዳ ተከፈተ። የቤቶቹ ምድር ቤት ድንጋይ፣ ፎቃቸው እንጨት ነው። መስኮታቸው በመስታወት ፈንታ ካፒዝ በሚባል ስስ የባሕር ዛጎል የተሸፈነ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትመታው ወተት የመሰለ ብርሃን ገበታው ላይ ይፈስሳል። ቤት ከተወለደበት ሰፈር መነቀል የለበትም ብለው የሚከራከሩ የቅርስ ሰዎች አሉ፤ ክርክራቸው ከባድ ነው፤ የዛሬ ነገሬ ግን ከሩዙ ጋር ነው።

ገበታችን ላይ ስፔንና ፊሊፒንስ ጎን ለጎን ቀርበዋል። በሰፊው ብረት መጥበሻ የመጣው ፓኤያ በሳፍሮን ወርቅ መስሏል። አጠገቡ ብሪንጌ አለ፤ የፓምፓንጋ ሰዎች በሚጣበቅ ሩዝ፣ በኮኮናት ወተትና በእርድ የሚሠሩት የፓኤያ ዘመድ ነው። በኮምጣጤ፣ በነጭ ሽንኩርትና በቁንዶ በርበሬ የበሰለው አዶቦም አለ። ስሙ ስፔንኛ ነው፤ ሙያው ግን የአገሬው ነው። ስፔኖች ሲመጡ ሕዝቡ ሥጋውን በኮምጣጤ ሲያበስል አገኙትና በራሳቸው ቋንቋ ስም አወጡለት። ምግቡን ቀመስኩ፤ ማን የማን እንደሆነ ምላስ ብቻውን የሚለየው አይደለም።

በሩዝ ስም ላይ ግን ይለያያሉ። ስፔኖች «አሮዝ» ይሉታል፤ ቃሉን ከዐረብኛ ወስደው ነው። እኛም «ሩዝ» ያልነው ከዚያው ከዐረብኛ ነውና፣ የእኛ ሩዝና የፓኤያው አሮዝ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ታጋሎግ ተናጋሪዎች ግን ለእያንዳንዱ ዕድሜው ስም አላቸው። ማሳ ላይ ያለው፣ ታጭዶም ከነቅርፊቱ ያለው ፓላይ ነው። ተፈትጎ ሲነጣ ቢጋስ ይሆናል፤ በስሎ ሲቀርብ ካኒን። ድስቱ ሥር ይዞ የከረረው ቱቶንግ ይባላል፤ እሱን ስፔኖችም ሶካራት ብለው ይሻሙበታል። አባባሉ የሚናገረው ስለ ፓላይ ብቻ ስለሆነ፣ ፍቺውን የሚፈልግ ሰው ከገበታው ተነሥቶ ማሳ መውረድ አለበት።

ሙሉ ቃሉ እንዲህ ነው፦ «ቱላራን ሞ አንግ ፓላይ፤ ሀባንግ ናግካካላማን አይ ላሎንግ ዩሙዩኮ።» ፓላይን ምሰለው፤ ላማን በያዘ መጠን ይብሱን ያጎነብሳል። «ላማን» ሥጋም ነው፤ በውስጥ ያለ ፍሬ ነገርም ነው። አባባሉ የሚጀምረው ከመያዝ ነው፤ መጎንበሱ ተከትሎ ይመጣል።

የእኔ ማሳ ፎገራ ነው። ከጣና በስተ ምሥራቅ ያለው ያ ሜዳ ክረምት ርብና ጉማራ ሲሞሉ ውኃ ይተኛበታል። ለሌላው እህል መከራ የሆነው ውኃ ለሩዝ ቤቱ ሆነለት። ዘሩን ለአካባቢው ያስተዋወቁት የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ናቸው፤ ገበሬው አጥብቆ የያዘው ኤክስ ጅግና የተባለው ዝርያም ጅግና የምትባለው የእዚያው አካባቢ ቀበሌ ስም አለበት። የልጅነት ሥራዬ ወፍ ጥበቃ ነበር። ጥቅምት ላይ ፍሬው ወተት ሲይዝ ወፍ ይወርድበታል፤ በምንቃሩ ጨምቆ ወተቱን ይጠጣና ቅርፊቱን ትቶት ይሄዳል። ማማ ላይ ሆኜ ወንጭፌን እያጮህኩ ቁልቁል ሳይ ማሳው ሁሉ አንገቱን ደፍቶ፣ እዚህም እዚያም ነጫጭ ዛላዎች ቀጥ ብለው ይታዩኛል። ከሁሉ የሚያምሩት እነሱ ይመስሉኝ ነበር።

አንድ ቀን እናቴ ምሳ ይዛልኝ ስትመጣ «እማዬ፣ የእኛ ማሳ አለቆች አሉት» ብዬ አሳየኋት። ምሳውን ማማው ሥር አስቀምጣ ገባችና አንዱን ነጭ ዛላ በሁለት ጣቶቿ ሳብ አደረገችው። ሳይታገላት ሹልክ ብሎ ወጣ። ጫፉን ገልብጣ አሳየችኝ፤ አገዳው ውስጡ ተበልቶ ቡናማ ብናኝ ሆኗል። አገዳ ቆርቁር የሚባለው ትል ሥራ ነው፤ ከውስጥ ሲቆርጠው ምግብ ወደ ላይ አይወጣም፣ ዛላውም ነጥቶ ባዶውን ቆሞ ይቀራል። ከዚያ አጠገቡ ያጎነበሰውን ዛላ ሳትቆርጠው መዳፌ ላይ አስተኛችልኝ። በሌላው እጄ ነጩን አስያዘችኝ።

«የቱ ይከብዳል?» አለችኝ።

«ይሄ» አልኩ፤ ጎንበስ ያለውን።

ሌላ ነገር አልተናገረችም። ሎስ ባኞስ ሄጄ አባባሉን መጀመሪያ የሰማሁ ዕለት መዳፌ ያንን ክብደት አስታወሰ።

ሩዝ አብቃይ አገር ሁሉ ይህን መጎንበስ ያነብባል። ከዛላው ፍሬ ከ80 እስከ 85 በመቶው የገለባ ቀለም ሲይዝና አንገቱ ሲታጠፍ ለአጨዳ ደርሷል ማለት ነው፤ ውኃውም አስቀድሞ ከማሳው እንዲወጣ ይደረጋል። ነገር ግን መጎንበስ ሌላ፣ መጋሸብ ሌላ ነው። ሎስ ባኞስ ያለው ዓለም አቀፍ የሩዝ ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1966 ያወጣው አይ አር 8 ስሙ የገነነው በአጭርና ጠንካራ አገዳው ነው። የድሮው ረጅም ሩዝ ማዳበሪያ ሲያገኝ ከብዶት ከነአገዳው ይጋሸብና ውኃ ውስጥ ይበሰብስ ነበር። ጎንበስ ያለ ሩዝ ግን አገዳው እንደቆመ ነው፤ ዝቅ የሚለው ራሱ ብቻ ነው። ያ ሰውዬ ልጁን የፈለገው እንዲጋሸብለት ነው።

አባባሉ ከየት መጣ ለሚለው የራሴ መልስ አለኝ፤ ዓመታት ሳሰላስለው ከርሜ አሁን አምኜበታለሁ። የተወለደው ከሴቶች መዳፍ ነው። ማጭድ ከመስፋፋቱ በፊት በፊሊፒንስ ደሴቶችና በማሌዎች አገር፣ በዛሬዋ ማሌዥያ በኩል፣ ሩዝ የሚሰበሰበው በመዳፍ ውስጥ በምትደበቅ ትንሽ ስለት፣ ዛላ በዛላ ነበር። በሰሜን ፊሊፒንስ፣ በኢፉጋኦ ተራራ እርከኖች ሴቶች ዛሬም እንዲህ ይሰበስባሉ። በኢንዶኔዥያዋ ጃቫና በማሌዎች ዘንድ ስለቱ መዳፍ ውስጥ የሚደበቀው የሩዟ ነፍስ እንዳትደነግጥ ነው ይባላል። በማጭድ የሚያጭድ ሰው እፍኝ ሙሉ ከሥሩ ስለሚቆርጥ አንዷን ዛላ ለይቶ አያያትም። ባለ ትንሿ ስለት ሴት ግን እያንዳንዷን ዛላ ታያለች፤ ያጎነበሰችውን በጣቷ ጠልፋ ትቆርጣለች፣ ቀጥ ያለችውን አልፋት ትሄዳለች። ቀኑን ሙሉ ይህንን የምትሠራ ሴት ማታ ልጇ ደረቱን ነፍቶ ቢመጣ ምን ትለዋለች? ሌላ ምሳሌ ከየት ታመጣለች? ስለዚህ አባባሉ ከማጭድ ይበልጣል፣ ከስፔኖችም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

አብሮኝ የተማረ ወዳጄ ግን የስፔን መነኮሳት በስብከት ያመጡት ነው ይላል፤ ወንጌሉም ራሱን የሚያዋርድ ከፍ ይላል ይላልና። አልቀበለውም። ወንጌሉ ዝቅ ላለው ከፍታን ተስፋ ይሰጠዋል፤ ፓላዩ ምንም ተስፋ አይሰጥም፤ ስለ ክብደት ብቻ ነው የሚናገረው። ደግሞስ ማሌዎች ስፔን ገዝቷቸው ያውቃል? እነሱም «የፓዲን ጠባይ ተከተል፤ በሞላ መጠን ያጎነብሳል» ይላሉ። ፓዲና ፓላይ የአንድ ጥንታዊ ቃል ሁለት አነጋገሮች ናቸው፤ ዘሩ ከነስሙ ባሕር ሲሻገር ምሳሌውንም ይዞት የተሻገረ ይመስለኛል። ጃፓኖችም ይህንኑ ይላሉ።

እንዴት ተገልብጦ አለንጋ ሆነ ለሚለውም፣ መልሱ ያን ቀን ከራሴ በላይ፣ በዚያው ቤት ፎቅ ላይ ነበር። እንዲህ ባለ የድንጋይና የእንጨት ቤት ከሚኖሩት ብዙዎቹ ባለመሬቶች ነበሩ። የእርሻው ሰው «ካሳማ» ይባላል፤ ትርጉሙ ባልንጀራ ነው፤ ኑሮው ግን የጭሰኛ ነው። ካሳማው ከአጨዳ በኋላ የባለመሬቱን ድርሻ ይዞ ሲመጣ ባርኔጣውን አውልቆ ከደረጃው ሥር ሲቆም ይታየኛል። ከደረጃው ላይ ያለው ሰው ከማሳ የመጣውን ቃል ወስዶ፣ «ሲሞላ» የሚለውን ጥሎ፣ «ጎንበስ» የሚለውን ብቻ ወደ ታች ወረወረው። የእርቦና የሲሶን ወግ ከአባቶቹ የሰማ የእኛ አገር ሰው ይህን ለመረዳት አስተርጓሚ አያስፈልገውም። በፊሊፒንስ፣ ሕግ የእኩሌታ እርሻን እ.ኤ.አ. በ1963 ከለከለ፤ በ1972 ደግሞ የሩዝና የበቆሎ መሬት ለአራሹ እንዲዛወር ታወጀ። ቃሉ ግን እንደተገለበጠ ቀረ። ዛሬ አለቃ ለሠራተኛ፣ ባለጉዳይ ለጸሐፊ፣ በልቶ የጠገበ ቆሞ ለሚያሳልፍ ይናገረዋል፤ በቢሮ ስብሰባ ላይ ደመወዝ ለጠየቀ ሰው ሲነገርም ሰምቻለሁ።

እባካችሁ፣ ይህን አባባል የምትወድዱ ሁሉ፣ ወደ ታች አትናገሩት። ሹመት፣ ዲግሪ ወይም ገንዘብ ያገኘ ሰው ለራሱ የሚለው፣ እናት ላደገላት ልጇ የምትለው ቃል ነው። ገና ፍሬ እንዲይዝ ጊዜ ላልተሰጠው ወጣት ጎንበስ በል ማለት እሸቱን በእጅ ማጠፍ ነው፤ በእጅ የታጠፈ እሸት ደግሞ ይቀነጠሳል እንጂ አይበስልም።

ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ አስተናጋጁ ልጅ ሌቼ ፍላን የተባለውን ጣፋጫችንን ይዞ መጣ። ያንን አባባል በእናንተ ቤት ማን ለማን ነው የሚለው ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበና «አያቴ ለአጎቴ» አለ። «ከሳዑዲ ሻንጣ ሞልቶ በመጣ ጊዜ።» አያቱ በሰሜን ፊሊፒንስ፣ ኢሎኮስ ውስጥ የሚጣበቀውን ሩዝ ታመርት እንደነበር ነገረኝ። በምን ነበር የምትቆርጠው አልኩት።

ትሪውን ከጠረጴዛችን ጫፍ ላይ አኖረ። ቀኝ እጁን ጨበጥ አድርጎ ስለቱ በጣቶቹ መካከል ብቅ የሚልበትን ቦታ አሳየኝ። ከዚያ ሌባ ጣቱን ቆልምሞ በአየር ላይ አንዲት ዛላ ጠለፈና ቆረጠ፤ ቀጥሎ ሌላ።

«ራከም» አለ፤ የስለቷን ስም።